የራዲያተሩ ልብስ

ሟቹ ሲገኝ ታኮውን አልለቀቀም ነበር። ዳገቱ በሚበረታበት፣ መንገዱም በድንጋይ ግንብ በሚጠብበት ቦታ ላይ አሮጌው የጭነት መኪና ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። ሹፌሩ በግንቡና በኋላ ጎማው መካከል ነበር። መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚገባውን፣ ራሱ ከእንጨት የጠረበውን ታኮ በሁለት እጁ ይዞታል፤ አስከሬኑን ያነሱት ሰዎች ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባቸው።

በሙያ ጓደኞቹ ዘንድ የሚታወቀው «ቀስ በቀስ» በሚል ስም ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ ማንንም ቀድሞ አያውቅም። የሚቸኩል ሲያይ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል፤ እነሱም «እሱ እስኪደርስ እንቁላሉ ዶሮ ሆኖ ይቀበለዋል» እያሉ ይስቁበታል። ከሳቁበት መካከል መኪናውን ገደል ያልከተተ ጥቂት ነው፤ እሱ ግን አጥር እንኳ ነክቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ማርሽ ሳያስገባ ዳገት ላይ አቁሞ ወረደ፣ በገዛ መኪናውም ተዳጠ ሲባል የሚያውቁት ሁሉ አላመኑም። ከሁሉም በላይ ሚስቱ አላመነችም።

ሚስትየዋ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የተናገረችው አጭር ነበር። ባሌ መኪና ያለማርሽ አያቆምም፤ የነካበት ሰው አለ፤ ሲነካም በዓይኔ አይቻለሁ አለች። ያየችው የባሏን ታናሽ ወንድም ነው። ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን አመሻሽ ላይ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ ሲታገል አይታዋለች። ወንድማማቾቹ የጋራ መኪናቸው ይሸጥ አይሸጥ በሚል ሆድና ጀርባ ከሆኑ ቆይተዋል። ጣቢያው ታናሽየውን በዚያው ዕለት አሰረና ጉዳዩን የሚያጣራ ሰው ከዋናው መሥሪያ ቤት ይላክልኝ አለ።

የተላከችው ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» የሚሏት መርማሪ ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮቷ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚጎድለው ሴት ናት፤ ያን ሰሞን አንዱ የኮቷ ቁልፍ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ነበር። አለቃዋ ቶሎ ጨርሺ ሲላት «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብላ ትመልሳለች፤ እሱም ከዚያ በኋላ ዝም ይላል፣ ምክንያቱም ሌላ «ለምን» እንዳይመጣበት ይፈራል።

መኪናው ገና ከቦታው አልተነሳም ነበር። የትራፊክ ፖሊሱ እጁን በብብቱ ወሽቆ ብርዱን እየረገመ ጠበቃት። የተንሸራተተውን ጎማ አሳያትና «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም። ወደ ጋቢናው ወጥታ ምንም ሳትነካ አየች። ሞተሩ ጠፍቷል። የእጅ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተስቧል፤ ፖሊሱ ግን ፍሬኑ ካረጀ መቆየቱን፣ ባዶ መኪና እንኳ እንደማይዝ ነገራት። ማርሹ የትም አልገባም፣ ነፃ ላይ ነው። የሁለቱም በር መስታወት እስከ ታች ወርዷል። የጋቢናው ማሞቂያ ደግሞ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

«ያን ዕለት ጠዋት ብርድ ነበር?» አለችው።

«ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነበር።»

«ታዲያ ሰው ማሞቂያ ከፍቶ ለምን መስታወት ያወርዳል?»

ፖሊሱ ሟቹን ይጠይቁት ሊል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ አፈረና ተወው። መርማሪዋ ወደ ጭነቱ ዞረች። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ቁም ሣጥን በገመድ በሚገባ ታስረዋል፤ ለዚያ መኪና ጭነት የሚባል አይደለም። ከዚያ ወደ ፊት ሄደች። ብርድ በሚበረታበት ወራት የአሮጌ መኪና ሹፌሮች የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር ከፊት በኩል ጨርቅ ያለብሱታል። የዚህኛው ልብስ ግን እንደሌሎቹ የተቀደደ ማዳበሪያ አልነበረም፤ ጥጥ የገባበት፣ ጠርዙ የተቀመቀመ፣ መካከሉ ላይ ነፋስ ማስገቢያ መስኮት ያለው ነው። የመስኮቱ ክዳን ወደ ላይ ተጠቅልሎ ታስሯል። በአራቱም ማዕዘን ያሉት ማሰሪያዎች እንደጠበቁ ናቸው።

መንገዱን እያየች ቁልቁል ወረደች፣ ተመልሳም ወጣች። አስፋልቱ ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ አገኘች፤ ከታች ይጀምርና ወደ ላይ እየበዛ መኪናው መጀመሪያ ከቆመበት ስፍራ ላይ ኩሬ ሠርቶ ደርቋል። ፖሊሱ አሮጌ መኪና ማንጠባጠብ ልማዱ ነው አላት። ሹፌሮች ውሃ ለመጨመር የት እንደሚቆሙ ስትጠይቀው ከፍ ብሎ የሚታየውን ሜዳ አሳያት። ቀስ በቀስም ዘወትር እዚያ ነው የሚቆመው። ሜዳው በዓይን የሚታይ፣ ድንጋይ ወርውረው ሊደርሱበት ትንሽ የሚቀር ነበር። መርማሪዋ እዚያ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው።

የሟቹ ቤት የፊት ለፊት ክፍል የልብስ መስፊያ መኪና ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦበታል። ሚስትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ጎረቤቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር፤ መርማሪዋ ስትገባ አንድ በአንድ ወጡ። መስፊያው ላይ ያላለቀ ቀሚስ ተንጠልጥሏል። የልጃቸው ነው። ልጃቸው መምህርት ናት፤ ከተራራው ማዶ ባለች ከተማ ተመድባ ቀድማ ሄዳለች፤ አባቷም በእጁ የሠራላትን አልጋና ቁም ሣጥን እራሴ ጭኜ አመጣልሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር።

«እማማ፣ መኪናው ጤነኛ ነበር?»

«ማርሹ ይለቃል፣ ልጄ። አንደኛው ማርሽ። ሸክም ሲያርፍበት በገዛ ራሱ ይወጣል። መካኒኩ ዕቃው እስኪመጣ አትንቀሳቀስ ብሎት ነበር። ዳገቱን በሁለተኛ ትወጣዋለች፤ ከማዶ ያለው ቁልቁለት ግን ያለ አንደኛ አይወረድም።»

«ይህን እያወቁ ሄዱ?»

«ለልጁ ቃል ገብቷላ። ለመንኩት፣ አለቀስኩ። ቀስ እላለሁ አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ቀስ እላለሁ ነው የሚለኝ።»

መርማሪዋ ሟቹ መንገድ ጀምሮ ተመልሶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር አለፈ። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመልሰው አለች፤ ሞተር ከፈላ። የፈላ መኪና ቁልቁለት አይወርድም ብሎ ያምናል፤ ሠርግ ይሁን ሞት፣ ሜዳው ላይ አቀዝቅዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ ያኮርፋል፤ እራቱን ግን አይተውም።

ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ያ ወንድሙ ነው፣ ከመኪናው ሥር ገብቶ ማርሹን የፈታው እሱ ነው፣ በአንድ ማዕድ አብልቼ ያሳደግኩት ነው ብላ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሷ እንባ ግን የሚገድ ይመስል ነበር፣ ስታለቅስ ሰንብታ ዓይኗ ደርቋል። የደረቀ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ የመርማሪዋ ኮት ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አየች።

«ይኸ ሊወድቅ ነው» አለችና መርፌ አነሣች። መርማሪዋ ይተዉት ብትላትም አልሰማችም። ኮቱን ሳታስወልቅ እዚያው ሰፋችው። ክሩን አልቋጠረችውም፤ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ወግታ በጥርሷ ቆረጠችው።

«እኔ ክር አልቋጥርም» አለች። «ቋጠሮ ይፈታል። ሦስቴ የተደገመ አይፈታም። ባሌ የኔን ስፌት ከሩቅ ይለየዋል፤ ሌላ ሰው የሰፋውን ሸሚዝ አይለብስም ነበር።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች።

ታናሽየው እስር ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ፖሊሶቹ ለጠየቁት ሁሉ አንድም ቃል አልመለሰም፤ ዝምታውንም እንደ ጥፋት ቆጥረውበታል። መርማሪዋ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን አየች። ጥፍሩ ሥር የገባው ጥቁር ነገር በብዙ ሳሙና ያልለቀቀ፣ የሚከረፋ ነው።

«ይኸ የሞተር ዘይት አይደለም» አለችው። «የካምቢዮ ዘይት ነው፣ ማርሽ ቤት የሚገባው። ለምን ነካኸው?»

ጥፍሮቹን መዳፉ ውስጥ ደበቀ።

«ወንድሜ፣ እኔ ጥርጣሬ አልያዝኩም። ጥያቄ ብቻ ነው የያዝኩት።»

ሰውየው አቀርቅሮ ተናገረ። ማርሹ እንደሚለቅ ሰምቷል። ወንድሙ ለልጁ ሲል ከመሄድ እንደማይመለስም ያውቃል። ስለማይነጋገሩ አትሂድ ሊለው አልቻለም። ስለዚህ ወፍራም ዘይት ይዞ ማንም በማያይበት ሰዓት ሄደ፤ ቀጭኑን አፍስሶ ወፍራሙን ሞላለት፤ ምናልባት የማርሹን ጥርስ ጠበቅ ቢያደርግለት ብሎ።

«ለምን ይህን አልነገርካቸውም?»

«ማርሹን ነካህ ብለው ነው የያዙኝ። አዎ ነክቻለሁ ልበላቸው? ደግሞስ አጥፍቼ እንደሆነስ? መካኒክ አይደለሁም። ያ ዘይት ይሆን የገደለው እያልኩ ነው ሲነጋ የምነቃው። ይፍቱኝ አልልዎትም። ወንድሜን ገድዬው እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ።»

መርማሪዋ እነግርሃለሁ አለችው። ከዚያ በፊት ለማንም እንዲህ ያለ ቃል ገብታ አታውቅም።

መኪናው ተጎትቶ «ዶክተር» የሚሉት መካኒክ ግቢ ገባ። ዶክተር የተባለው ረጅም መፍቻ ሞተሩ ላይ ተክሎ ጫፉን ጆሮው ላይ ስለሚያደርግ ነው። ቀስ በቀስን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ መኪናው ግቢው ሲገባ ፊቱን አዙሮ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ልጅየዋ ቀድማ መጥታ ከአልጋዋ አጠገብ ቆማ ነበር፤ አልጋው ገና ከመኪናው ላይ አልወረደም። ሌላ መኪና እንከራይ ብላው እንደነበር፣ እሱ ግን ያንቺን አልጋ ሌላ ሰው አይጭነውም ብሎ እምቢ እንዳላት ተናገረች። ጠበቅ አድርጌ ብከለክለው ኖሮ፣ አልጋ ባልፈልግ፣ መሬት ላይ ብተኛ ኖሮ አለች። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ራሱን የማይከስ አልነበረም። ከሚስትየዋ በቀር።

ዶክተሩ ካምቢዮውን ፈታ። ከውስጥ የወጣው ወፍራም፣ ንጹሕ ዘይት ነው። የአንደኛው ማርሽ ጥርስ ተበልቶ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ዘይቱ ጎድቶታል?» አለች መርማሪዋ።

«ዘይት ጥርስ አያበቅልም» አለ ዶክተሩ። «ግን ጥርስ አይነቅልም። ደግ አስቦ ከንቱ የለፋ ሰው ነው ይህን ያደረገው።»

መልሶ ገጠመው፤ መኪናውን በግቢው ተዳፋት ላይ አቁመው፣ ከጎማው ኋላ ፈቀቅ አድርገው ድንጋይ አስቀምጠው፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ወረዱ። ሁለቱም ዳር ቆመው ጠበቁ። የማርሹ ዘንግ ማንም ሳይነካው ቀጭ ብሎ ወጣና መኪናው ተንሸራቶ ድንጋዩን ገጨ። ዶክተሩ ቆቡን አወለቀ።

«አሁን ደግሞ ውሃውን እንይ» አለች።

ዶክተሩ ለምን እንደሆነ አልገባውም። ቢሆንም ኮፈኑን ከፍቶ አንድ በአንድ አሳያት። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ አለ፣ ጥቂት ብቻ ጎድሏል። ማራገቢያው ሙሉ ነው፤ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የጠበቀ ነው። የውሃ ፓምፑ አያፈስም፤ ጎማ ቱቦዎቹ አልተሰነጠቁም። ውሃውን እስኪሞቅ አግዶ የሚይዘው ቴርሞስታት ግን የለም። እሱን ያወጣው ራሱ ዶክተሩ ነው።

«ሁላችንም እናወጣዋለን» አላት ትንሽ እያፈረ። «ሞተር ሲግል መጀመሪያ የምንከሰው እሱን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው። በኋላ ችግሩ ከራዲያተሩ መደፈን ሆኖ ተገኘ፤ ተጠረገና ዳነ። ቴርሞስታቱ ግን በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በብርድ ጠዋት መሞቅ እምቢ አለ። ለዚህ ነው ልብስ የተሰፋለት።»

«ማን ሰፋለት?»

«ሚስቱ ናት እንጂ ሌላ ማን ይሰፋል።»

«እንግዲህ ባዶ በሚባል ጭነት፣ በአመዳይ ጠዋት፣ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ሊፈላ ይችላል?»

«አይችልም። መሞቁም ተአምር ነው።»

«ፈልቷል» አለች መርማሪዋ።

ወደ ፊት ዞራ አራቱን ማሰሪያዎች ፈታች፤ ልብሱን አውርዳ ገልብጣ አየችው። ከዚያ አንገቷን ደፍታ የራሷን ኮት ቁልፍ አየች። ዶክተሩ ምን አገኘሽ ሲላት ልብሱን መልሳ እያሰረች ነበር። ሥራዋን ከጀመረች ወዲህ ምነው ባላወቅኩ ያለችበት ቀን ያ ነበር።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሁሉንም በዶክተሩ ግቢ ሰበሰበቻቸው። ከአሮጌ መኪና የወጡ ወንበሮች ቆርቆሮው ጥላ ሥር ተደረደሩ። ሚስትየዋና ልጇ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታናሽየው በፖሊስ ታጅቦ ሲገባ ሚስትየዋ ፊቷን አዞረች። መኪናው መካከላቸው ቆሟል፤ ልብሱን መልሶ ለብሷል።

«ቀስ ብለን እንሂድ» አለች መርማሪዋ። «ሟቹም ቢሆን የሚወደው እሱን ነው። መጀመሪያ ማርሹ። ማርሹን የፈታም ያበላሸም ሰው የለም። ሟቹ እንደ ልማዱ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ነው የወረደው። ጥርሱ የተበላ ስለሆነ ሸክሙ ሲያርፍበት በገዛ ራሱ ወጣ። እኔና ዶክተሩ ትናንት በዓይናችን አይተነዋል።»

ከዚያ ወደ ታናሽየው ዞረች። «አንተ ከመኪናው ሥር ገብተህ ያደረግከው ዘይት መለወጥ ነው። ወንድምህን አልገደልክም። ሊያድነው የሞከረ ሰው ቢኖር አንተ ነህ።»

ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሚስትየዋ ወደ እሱ ዞራ ማየት ጀመረች።

«ሁለተኛው ጥያቄዬ ይኸ ነው። ማርሹ እንደሚለቅ እያወቀ ለምን እዚያ ጠባብ ዳገት ላይ ቆመ? ሜዳው ከፊቱ ይታየው ነበር። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ነበር የሚወጣው፣ ሁለተኛው ደግሞ ጤነኛ ነው። እዚያ የቆመው አንድ ጋት እንኳ መጨመር ስላልቻለ ነው። ጋቢናው ውስጥ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ መስታወቱ ወርዶ ነበር። ሞተር ሲግል ብልህ ሹፌር የጋቢናውን ማሞቂያ ይከፍታል፣ ሙቀቱ በዚያ በኩል እንዲወጣለት፤ ጋቢናው ምድጃ ሲሆንበት ደግሞ መስታወት ያወርዳል። ሜዳው ጋ ለመድረስ የቻለውን ሁሉ አድርጓል። መንገዱ ላይም ከራዲያተሩ የተፋው የዛገ ውሃ አለ።»

«ፈልቶ ነበር?» አለች ሚስትየዋ።

«ፈልቶ ነበር፣ እማማ።»

«ማንም ፈላ አላለኝም። ያለማርሽ አቁሞ ነው ያሉኝ።» «ፈልቶ ነበር?» ብላ እንደገና ጠየቀች፤ አሁን የጠየቀችው መርማሪዋን አልነበረም።

መርማሪዋ መቀጠል አልፈለገችም፤ ግን ቃል የገባችለት ሰው ከፊቷ ተቀምጧል። ውሃው ጥቂት ብቻ እንደጎደለ፣ ማራገቢያውም ፓምፑም ጤነኛ እንደሆኑ፣ ጭነቱም ቀላል እንደነበር ነገረቻቸው። የቀረው ነፋስ ብቻ ነው አለች፤ ራዲያተር ነፋስ ካላገኘ ውሃው ቢሞላም አይረዳውም። ወደ መኪናው ሄዳ ልብሱን ፈታችና ጀርባውን አሳየቻቸው። ከፊት ሲያዩት መስኮቱ ክፍት ነው። ከውስጥ ግን ጥቁር ጨርቅ ተሰፍቶበታል። በድንግዝግዝ መኪናውን አስነሥቶ የሚወጣ ሰው በመስኮቱ የሚያየው ጨለማ ራዲያተሩ ራሱ ነው የሚመስለው።

ኮቷን አውልቃ ከልብሱ አጠገብ ዘረጋችው። የጥቁሩ ጨርቅ ክር የትም አልተቋጠረም። በየጫፉ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ተወግቶ ቀርቷል፤ የኮቱም ቁልፍ እንዲሁ።

ልጅየዋ ስፌቱን አየችና የእናቷን እጅ ያዘች፤ ምን እንደያዘች የገባት በኋላ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች ሚስትየዋ። «ማታ ሊተኛ ሲገባ ሰፋሁት። እንዲፈላበት ነው። ከፈላ ይመለሳል፤ እያኮረፈም ቢሆን ይመለስልኛል ብዬ። ያ ቁልቁለት ነበር የሚያስፈራኝ። ዳገቱ ምን ያደርገዋል ብዬ አሰብኩ። ዳገቱን ስንት ዓመት ወጥቶታል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ይፈላበታል ብዬ ነበር። መጀመሪያ አንድ ጨርቅ ብቻ ሰፍቼ ነበር። ሳስቶ ነፋስ ያሳልፋል ብዬ ደረብኩት።»

ዶክተሩ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። አንድ ቢሆን ኖሮ ሜዳው ይደርስ እንደነበር ያውቃል፤ መርማሪዋም ታውቃለች። ሁለቱም ይህን ሳይናገሩ ቀሩ፤ ሴትየዋ ግን ፊታቸው ላይ አነበበችው።

ያለማርሽ አቁሞ ነው ሲሏት የሷ ስፌት ገና ሳይደርስ የሰው ክፋት ቀደመው ብላ ነበር። ስለዚህ ክፉውን ፈለገች፣ ፈልጋም በማዕዷ ያሳደገችውን አገኘች። ይህን ሁሉ እየተደናቀፈች ለታናሽየው ነገረችው። ይቅር በለኝ አላለችም፣ አንደበቷ አልታዘዘላትም።

«ሲሞት አይቶት ነበር?» አለች ድንገት ወደ መርማሪዋ ዞራ። «መስኮቱን። እኔ መሆኔን አውቆ ነው የሞተው?»

«አላየም። አራቱም ማሰሪያዎች እንደታሰሩ ነበሩ። ወደ ፊት አልሄደም። ከጋቢናው እንደወረደ መጀመሪያ ያደረገው ዘወትር የሚያደርገውን ነው፣ ታኮ ይዞ ወደ ኋላ ሄደ።»

መርማሪዋ ይህ የሚያጽናና መስሏት ነበር። ሴትየዋ ግን ታኮ የሚለውን ቃል ስትሰማ ጎንበስ አለች።

«አንድ ጊዜ እንኳ ባይጠነቀቅ ኖሮ» አለች። «ወደ ፊት ቢሄድ ኖሮ። ስፌቴን ያውቀዋል እኮ። ያየው ነበር። ተቆጥቶ ይመለስልኝ ነበር።»

ልጅየዋ ከእናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ታናሽየው ከወንበሩ ተነሣ፤ አጃቢው ፖሊስ ሊይዘው እጁን ዘረጋና ተወው። ሄዶ በሌላው ጎኗ ተቀመጠ። «እትዬ፣ እኔም አትሂድ ልለው እችል ነበር» አላት። ኩርፊያ ነው አፌን የያዘኝ ብሎ ሊጨምር አስቦ ሳይጨርሰው ቀረ። ሦስቱ እንዲያ ተቃቅፈው ቆዩ፤ የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ የማያውቅ በመካከላቸው አልነበረም።

መርማሪዋ ሰው ለመግደል ያሰበ እንደሌለ ጽፋ አስፈረመች፤ የቀረውን ዳኛ ይመልከተው አለች። ልብሱንና ኮቱን አንድ ላይ ጠቅልላ አሸገች፤ ሁለቱም ማስረጃ ናቸው። ታናሽየው በዚያው ነፃ ወጣ፤ ነፃ የወጣ ሰው ግን አይመስልም ነበር። ዶክተሩ አልጋውን ከመኪናው ላይ ሲያወርድ ሄዶ አገዘው።

ሚስትየዋ ወደ ፖሊሱ መኪና ስትሄድ በሩ ጋ ቆመች። ነፋሱ ይቆርጥ ነበር፤ መርማሪዋ በስስ ሹራብ ብቻ ቆማ ትንቀጠቀጣለች።

«ኮትሽን ልበሺ እንጂ ልጄ» አለቻት። «ብርድ ነው። ቁልፉን አጥብቄ ነው የሰፋሁልሽ።»